ቆርቆሮውን እንቀበል፣ ቁልፉን ግን አንስጥ

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ። ኔትወርክ ያላችሁ አንብቡት፣ ለሌላቸው ጎረቤቶች ደግሞ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። በአማርኛ የምጽፈው እንደ ሁልጊዜው ሁላችንንም ስለሚያግባባ ነው። በትግርኛ ለምን አልጻፍክም የሚለኝ ካለ እሁድ በአካል ይውቀሰኝ።

ነገሩ ስለ ዳሳችን ነው። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ አንድ የድምፅ መልእክት ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰምታችኋል። ተናጋሪው ውጭ ያለ ወንድማችን ነው። ስሙን አልጠራም። ክፉ ሰው አይደለም፣ ለዳሱም ስንት ጊዜ ገንዘብ ልኳል። የሚለው ግን ይህ ነው፦ ዝም ብላችሁ ለድርጅቱ አስረክቡ፣ እናንተ ከዚህ በላይ ማስተዳደር አትችሉም። እዚሁ ካምፕ ውስጥ ያሉ ሰዎችም «እውነቱን ነው» እያሉ ያስተላልፉታል። እኔ አይደለም እላለሁ። ይሁንና ከተናገረው ውስጥ ግማሹ እውነት ነው፤ ያንን ግማሽ እውነት ያደረግነው ደግሞ እኔና ጓደኞቼ ነን። እሱንም ሳልናገር አላልፍም።

ታሪኩን ለማታውቁ፣ በተለይ ውጭ ላላችሁ ዘመዶች፣ ከሥሩ ልጀምር። ኅዳር 2013 ተከዜን ተሻግሬ ሐምዳይት ስገባ በእጄ የነበረው አንድ ፌስታል ነው። ውስጡ የሁለት ክፍል ተማሪዎች የውጤት መዝገብ ነበረበት። ሰው ልብስ ይይዛል፣ ወርቅ ይይዛል፤ እኔ የ10ኛ ክፍል የሒሳብ ውጤት ይዤ ተሰደድኩ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ60,000 በላይ ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገባ። እኛን በአውቶቡስ ጭነው ከድንበሩ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ኡም ራኩባ አመጡን።

እናቴ ከአውቶቡሱ ስትወርድ ዙሪያውን አይታ ዝም አለች። ከዚያ «ይሄማ የድሮው ነው» አለች። በ1977 በድርቁ ጊዜ እዚሁ ነበረች። ካምፑ ያኔ ለእነሱ ተከፍቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ ተዘግቶ፣ ለእኛ ዳግመኛ የተከፈተ ነው። የቦታው ስም ትርጉሙ «ባለ ራኩባ»፣ የራኩባ እናት እንደማለት ነው። ራኩባ ደግሞ እኛ ዳስ የምንለው ነው፤ እንጨት ተተክሎ፣ ሣር ወይም አገዳ ተደርቦ የሚሠራ ጥላ። ስሙ ባለ ዳስ ይሁን እንጂ እኛ ስንደርስ ዳስ አልነበረም። የነበረው ግራር ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ስድስት አስተማሪዎች ተጠራርተን አንዱ ግራር ሥር ተገናኘን። ማንም አላዘዘንም፣ ማንም ቅጽ አላስሞላንም። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ የውኃ ሰልፍ ላይ ሲጋፉና ሲደባደቡ እያየን መቀመጥ ስላቃተን ብቻ ነው። ሰሌዳችን የብስኩት ካርቶን ጀርባ፣ ጠመኔያችን ከሰል ነበር። ከሰል ካርቶን ላይ ደህና አድርጎ ይጽፋል፤ ችግሩ አይጠፋም። አንዴ የተሳሳትከው ነገር ተሰቅሎ ይውላል።

የካቲት ላይ ፀሐዩ ሲጠና እናቶች የማሽላ አገዳ ተሸክመው መጡ። ወንዶች እንጨት ቆረጡ፣ አናጢዎቹ ምሰሶ ተከሉ፣ ከየቤቱ የተረፈ ሸራ ተሰበሰበ። አራት ቀን ፈጀ። ደቦ ነው፤ ሱዳኖች ነፊር ይሉታል፣ እኛ ጋ ወፈራም ይባላል። በዚያው ዓመት ክረምት የመጀመሪያው ዐውሎ ነፋስ ጣሪያውን ነቅሎ ወሰደው፤ በሳምንቱ መልሰን ሠራነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደታደሰ የሚያውቁት አናጢዎቹ ብቻ ናቸው።

የትንንሾቹ ትምህርት ቤት በድርጅቶች ሲከፈት ዳሱ ለትልልቆቹ ቀረ። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ልጅ የማንም ዕቅድ ውስጥ አልነበረም። «ወጣት» ተብሎ የመረብ ኳስ ይሰጠዋል እንጂ ፊዚክስ የሚሰጠው የለም። እኛ ግን ጠዋት ጠዋት አስተማርን። ከቀትር በኋላ እናቶች ቡና ያፈሉበታል፣ ፀጉር ይሠራሩበታል። ማታ በሶላሯ ስልክ ይሞላል፣ አረብኛ የሚማር ይማራል። የሰው ሞት የተረዳ ደግሞ ለቅሶውን እዚያው ይቀመጣል። እናንተ ውጭ ያላችሁ የስንቱን ዘመዳችሁን መርዶ የሰማነው እዚያ ነው፤ እናንተ በስልክ ስታለቅሱ እኛ እዚያ መሬት ላይ ተቀምጠን አብረናችሁ አልቅሰናል።

አሁን ወደ ቀረበው ነገር ልምጣ። አንድ ድርጅት ዳሱን አፍርሶ በብሎኬትና በቆርቆሮ ሊሠራልን ጠይቋል። ወለሉ ሲሚንቶ ይሆናል፣ አጥር ይኖረዋል፣ በር ይኖረዋል። አንድ አስተባባሪና ሁለት ጥበቃ በኢንሰንቲቭ ይቀጠራሉ። እስከዚህ ድረስ እሰየው። ቀጥሎ ያለውን ግን ብዙዎቻችሁ አላነበባችሁትም፤ እኔ አንብቤዋለሁ። ቤቱ የሚከፈተው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ዓርብና ቅዳሜ ዝግ ነው። ስብሰባ የሚፈልግ ከሦስት ቀን በፊት በጽሑፍ ያመለክታል። ቁልፉ ከአስተባባሪው ጋር ይሆናል፣ አስተባባሪውን የሚመርጠው ድርጅቱ ነው።

እስቲ እንነጋገር። መርዶ ከሦስት ቀን በፊት በጽሑፍ ያመለክታል? ልጅ ዓርብ ማታ ለፈተና ማጥናት ሲፈልግ በየትኛው መብራት? እናቶች ቡና የሚያፈሉት ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። እንግዲህ ለእነሱ የቀረው አዲሱን ቆርቆሮ ከውጭ እያዩ ማድነቅ ነው።

«ዝርዝሩን ተዉት፣ ዋናው ቤት መገኘቱ ነው» የምትሉ ወንድሞች፣ ከካምፑ ወዲያ ማዶ ያለውን ታሽጎ የቆመውን ቤት ሄዳችሁ እዩ። እሱም በአንድ ወቅት «የማኅበረሰብ ማዕከል» ነበር። ግድግዳው ላይ የልጆች ሥዕል ነበረው፣ ፕላስቲክ ወንበሮች ነበሩት፣ ምረቃ ተደርጎለት ፎቶ ተነስተንበታል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ወንበሮቹ ተቆጥረው ተጫኑ፣ በሩ ተቆለፈ። ዛሬ ጥላው ሥር ፍየሎች ይመሰጋሉ። ቁልፉ የት እንዳለ ካምፑ ውስጥ የሚያውቅ አንድ ሰው ካለ ይንገረኝ። የሚገርመው ቤቱ አልፈረሰም። ደህና ቤት ነው። ማንም የእኔ ነው ብሎ ስለማያስብ ብቻ ባዶ ነው። የእኛ ዳስ ስንት ጊዜ ወድቆ የተነሳው ምሰሶው ጠንካራ ስለሆነ ይመስላችኋል?

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ባርባራ ሃረል-ቦንድ የምትባል ምሁር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዚሁ በሱዳን፣ በደቡቡ በኩል፣ የዩጋንዳ ስደተኞች መካከል ሆና ያጠናችውን በ1986 በመጽሐፍ አሳትማለች። ዋናው ነገሯ እርዳታ በስደተኛው ላይ ከላይ ይጫናል፣ ስደተኛው ራሱ የሚችለውን ማንም አይጠይቀውም የሚል ነበር። እናቴ እዚህ ካምፕ የእህል ሰልፍ ላይ በቆመችበት ዘመን የተጻፈ ነው። አርባ ዓመት ገደማ ሆነው፤ ዛሬም «በጽሑፍ አመልክቱ» እንባላለን።

ሩቅ ሳንሄድ ደግሞ ጎረቤቶቻችንን እንይ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ፣ ታኅሣሥ 2016 ወድ መደኒ ስትያዝ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሲንጃ ስትያዝ ሕዝቡ ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ። ትናንት «ስደተኛ» እያሉ የሚጠሩን ሰዎች በየትምህርት ቤቱ ግቢ ምንጣፍ ላይ አደሩ። በዚያ ሰሞን የታመመች ተማሪዬን ይዤ ገዳሪፍ ሄጄ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ተጠግተን ስንቀመጥ አንድ ወጣት ሳይጠይቀን ሁለት ሰሃን ምስር አመጣልን። ተኪያ ይሉታል፤ ድሮ ከሱፊ ዛውያዎች የመጣ ልማድ ነው፣ አሁን የሰፈር ሰው በነጻ የሚያበስልበት ማብሰያ ሆኗል። ከየት መጣችሁ አላለንም፣ ካርድ አሳዩ አላለንም።

እኔን የገረመኝ ግን ምስሩ አልነበረም። ከድስቱ ጀርባ ግድግዳው ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ ዛሬ ይህን ያህል ገንዘብ ገባ፣ ይህን ያህል ምስር፣ ይህን ያህል ዘይት ተገዛ፣ ይህን ያህል ቀረ። አረብኛዬ ደካማ ነው፤ ቁጥር ግን አነባለሁ። ወጣቱን ማን እንደሚቆጣጠራቸው ጠየቅኩት። ወደ ሰልፉ በአገጩ አመለከተኝ። የሚበላው ሰው ነው ተቆጣጣሪው። እነዚህ የሰፈር በጎ ፈቃደኞች ጉረፍ አጠዋሪእ፣ የአስቸኳይ ጊዜ ክፍሎች፣ የሚባሉት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2025 የኖርዌዩን የራፍቶ ሽልማትና የስዊድኑን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸላሚ ተባሉ። ደስ ይላል፤ እኔ ግን የሸለምኳቸው ያን ወረቀት ያየሁ ዕለት ነው።

ለክርክሬ የማይመች ነገርም ስላለ ልደብቀው አልፈልግም። በ2017 ጥር ላይ አሜሪካ እርዳታዋን ስታቆም በሱዳን ከ1,000 በላይ የሚሆኑ እነዚህ ማብሰያዎች ተዘጉ። ከዚያ በፊትም በ2016 ጥር መጨረሻ ኔትወርክ አገር ምድሩ ላይ ሲጠፋ፣ ገንዘቡ የሚመጣው በባንካክ ስለነበር ብዙ ድስት ሳይጣድ ዋለ። ስለዚህ በጎ ፈቃድ ብቻውን ምስር አይሆንም። ገንዘብ ያስፈልጋል፣ ቆርቆሮም ያስፈልጋል። እኔ ድርጅት አይግባ የምል ሰው አይደለሁም። የምለው ገንዘቡ ሲቆም ድስቱን እንዴት እንደሚጥድ የሚያውቅ ሰው ይኑር ነው። በጥበቃና በአስተባባሪ ተይዞ አምስት ዓመት የቆየ ሰፈር በስድስተኛው ዓመት ምሰሶ መትከል ይረሳል።

አሁን የእኔ ተራ ነው።

የዳሱን ቁልፍ (ቁልፍ የምለው የሶላሯንና የመጻሕፍቱን ሳጥን ነው፣ ዳሱማ በር የለውም) ሁለት ዓመት የያዝኩት እኔ ነኝ። ደብተሩንም እኔ። ገንዘቡም የሚመጣው በእኔ ስልክ ነው። ማንም አልመረጠኝም። መጀመሪያ ላይ ስልክ ስለነበረኝ ተሰጠኝ፣ ከዚያ ዝም ተባለ፣ ከዚያ የእኔ ሆነ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ሒሳብ ግን አልያዝኩም።

ባለፈው ዓመት ከካናዳ ለሶላሯ ባትሪ ገንዘብ ተላከ። በዚያው ሳምንት አንዲት እናት ምጥ ጠናባት፣ ወደ ገዳሪፍ የሚወስዳት መኪና ጠፋ፤ የተገኘው ባለ መኪና ደግሞ ገንዘቡን በቅድሚያ ካልያዘ አልንቀሳቀስም አለ። የባትሪውን ገንዘብ ሰጠሁት። ሴትየዋም ልጅዋም ደህና ናቸው፤ ልጁ አሁን ይሄዳል። ዛሬም ቢሆን እዚያው ቦታ ብሆን ያንኑ አደርጋለሁ። ጥፋቴ እሱ አይደለም። ጥፋቴ ደብተሩ ላይ አለመጻፌ፣ ለላኩት ሰዎችም አለመናገሬ ነው። ከወራት በኋላ ተማሪዎች በጨለማ ተቀምጠው «መምህር፣ ባትሪው የት ደረሰ?» ሲሉኝ ተቆጣሁ። እኔን ነው ሌባ የምትሉኝ አልኩ። ለእናንተ ብዬ ስንት ዓመት አልኩ። አንድ የ17 ዓመት ልጅ ፊቱን ዝቅ አድርጎ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ክፍሌ አልገባም። ያ ልጅ የጠየቀኝ ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር። እዚሁ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እሁድ ደግሞ ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ።

ልብ በሉ፣ የድምፅ መልእክቱ ጉልበት ያገኘው ከዚህ ነው። «ገንዘባችን የት እንደገባ አናውቅም» ያለው ወንድማችን አልዋሸም። ታዲያ መፍትሔው ጥያቄው ወደማይደርስበት ቢሮ መውሰድ ነው? እኔን ቢያንስ ዳሱ ውስጥ አግኝታችሁ ልትሰድቡኝ ትችላላችሁ። አስተባባሪውን ልትሰድቡት የምትችሉት ከጠዋቱ ሁለት እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ ነው፤ ያውም አመልክታችሁ።

ሌላም ነውር አለ። ኮሚቴያችን ሰባት ሰው ነው፤ ሴቷ አንድ ናት፣ እሷም ቃለ ጉባኤ ትጽፋለች። ዳሱን በየማለዳው የሚጠርገው ማን ነው? ውኃ የሚቀዳው? አገዳውን የተሸከመው? ስንናገር «እኛ የሠራነው» እንላለን፤ እጃችንን ቢመረምሩት ግን ጠመኔ እንጂ የመጥረጊያ ምልክት የለበትም። ድርጅቱ ሲመጣ እናቶች ለምን እንዳልተቃወሙ አንዷን ጠየቅኳት። «ለእኛ ምን ለውጥ አለው፣ ልጄ? ያኔም አልተጠየቅን፣ አሁንም አልተጠየቅን» አለችኝ። ዞሬ ሄድኩ። መልስ አልነበረኝም።

አገር ቤት እድር የሌለው ሰው አለ? እድር እንዴት ነው የሚሠራው? ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ድንኳኑንና ሰሃኑን የሚቆጥር ንብረት ክፍል አለው። ገንዘብ ያዡ የሚጽፈውን ጸሐፊው ያውቃል። ሒሳቡ በጉባኤ ይነበባል። የቀረ ይቀጣል። ሟቹ ከየት መጣ፣ የማን ወገን ነው አይባልም፤ ወርኃዊውን ከከፈለ ድንኳኑ ይተከልለታል። ይህን የሠሩት ብዙ ጊዜ ፊደል ያልቆጠሩ አባቶችና እናቶች ናቸው። እኛ ዲግሪ ይዘን አንድ ደብተር መያዝ አቃተንና «አቅም ግንባታ ስልጠና» እንጠብቃለን።

«በጎ ፈቃደኛ ምን ይብላ?» የምትሉትን ሰምቻለሁ፤ ይህኛው ከሁሉም ይከብደኛል። ከስድስታችን አሁን ሁለት ቀርተናል። አንዱ በሊቢያ በኩል ወጣ፤ ድምፁን ከሰማን ስምንት ወር ሆነን። ሌላው እርሻ ላይ ሰሊጥ ያጭዳል። ሌሎቹ ሁለቱ ካርቱም ሥራ ፍለጋ ሄደው ጦርነቱ እዚያ አገኛቸው፣ አሁን ግብፅ ናቸው። እኔ ማስተማር የቻልኩት እህቴ ከውጭ ስለምትልክልኝ ነው፤ ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። በነጻ አገለግላለሁ የሚል ሰው ሁሉ ከኋላው ማን እንደሚያበላው ይናገር። ስለዚህ የቀሩትን አስተማሪዎች ሰፈሩ በእህል ይደግፋቸው እላለሁ፤ ከየቤቱ በወር አንድ ጣሳ ማሽላ። እድር ለሞተው ካዋጣ ለሚያስተምረው ማዋጣት ምን ያቅተዋል?

እንግዲህ እሁድ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ድርጅቱን አናባርረው። ቆርቆሮውን፣ ሲሚንቶውን፣ አጥሩንም ቢሆን አመስግነን እንቀበል፤ ክረምት ሲመጣ እኔም ጣሪያ እፈልጋለሁ። ነገር ግን ከመፍረሱ በፊት አንድ ወረቀት ይፈረም። ሰዓቱን የምንወስነው እኛ ነን፤ ለቅሶ ፈቃድ አይጠየቅበትም፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ከውስጥ የሚጫን ዕቃ አይኖርም። ቁልፉ በሦስት ቤት ይሁን፣ በየወሩ በዕጣ ይዙር። ይህን ካልፈረሙ የአገዳ ዳሳችን ይሻለናል፤ ዳሱን ማቆም እንደሆነ እናውቅበታለን። ገንዘቡ በአንድ ሰው ስልክ መግባቱ ዛሬ ያብቃ፤ ሦስት ሰው ይወቀው፣ ደብተሩ በየሁለት ሳምንቱ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ገጹ ፎቶ ተነስቶ ለላኩት ይሂድ። ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት አራቱ ሴቶች ይሁኑ። እኔም ሆንኩ ቀሪው ባልደረባዬ ለሁለት ዓመት አንመረጥም። ማስተማር ግን አልተውም፤ እሱን ማንም አልሰጠኝም፣ ማንም አይቀማኝም።

ውጭ ላላችሁ ወንድሞችና እህቶች አንድ ቃል ብቻ። ላብ አፍስሳችሁ፣ በሌሊት ፈረቃ ሠርታችሁ እንደምትልኩ እናውቃለን። ደረሰኝ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ካልላክንላችሁ ደግማችሁ ጠይቁ፣ ደግመን ካልመለስን መላኩን አቁሙ። ዳሱን ለማን እንደምናስረክብ ግን በድምፅ መልእክት አትዘዙን። እዚህ የምንኖረው እኛ ነን። ዝናቡ የሚወርደው እኛ ላይ ነው።

አውቃለሁ፣ በዚህ ጽሑፍ የሚቆጡ አሉ። አስተባባሪነቱ ቃል የተገባለት ሰው እንዳለ ሰምቻለሁ። ስሙን አልናገርም፤ ቤተሰብ አለው፣ ኢንሰንቲቩ ያስፈልገዋል፣ አልፈርድበትም። እሁድ መጥቶ እኔን ፊት ለፊት ይሞግተኝ። ከእኔ የተሻለ ሐሳብ ካለው የመጀመሪያውን እጅ የማወጣው እኔ ነኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ሙስሊም ወገኖቻችንም እንዲመቻቸው ከዙሁር በፊት እንጨርሳለን። ደብተሩን ይዤ እመጣለሁ፣ የባትሪው ገንዘብ ያልተጻፈበትን ባዶ ገጽም ታዩታላችሁ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ። ወንበር የለም፤ የምትቀመጡበትን ጀሪካን ይዛችሁ ኑ።